ጉንፋን ሲይዘን ኢንሱሊን አይቋረጥ

በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔያችን ላይ የዕድሩ የጤና ንዑስ ኮሚቴ ያሰማው ንግግር

ክቡራትና ክቡራን የዕድራችን አባላት፤

የሒሳቡ ሪፖርት ከተሰማ በኋላ የቀረን ጊዜ ጥቂት እንደሆነ እናውቃለን፤ የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይም ገና ይጠብቀናል። ሆኖም የዕድራችን ሥራ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ የሚጀምር መሆን የለበትም። የታመመን መጠየቅም የቆየ ልማዳችን ነው። በመሆኑም ዛሬ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጉንፋን ሲይዘው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ እኛም ጠያቂዎቹ ምን ማድረግ እንዳለብን ጥቂት እንናገራለን።

«ለጉንፋን ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እውነት አለው። ጉንፋን ይዞት የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ጤነኛ ሰው ጥቂት ቀን ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ድኖ ይነሣል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን እንደዚህ ተኝቶ ብቻ ሊያሳልፈው አይችልም። እርሱን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ጉንፋኑ ራሱ ሳይሆን፣ በጉንፋኑ ምክንያት የሚተወው መድኃኒትና የሚረሳው የስኳር ልኬት ነው። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጉንፋን። አገራችን ደጋ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የወገራን፣ የዳባትንና የጃናሞራን ውርጭ የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ጉንፋንን «ብርድ መታኝ» ይላል። ብርዱ ብቻውን ግን ጉንፋንን አይወልድም። ጉንፋን የሚመጣው ቫይረስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ተዋስያን ነው፤ ዓይነታቸውም ከ200 በላይ ነው። በብርድ ጊዜ በርና መስኮት ዘግተን፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። ለጥምቀት በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሲያድርም እንደዚሁ ነው። በለቅሶ ቤት ድንኳንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሲያስሉ አፍን በክንድ መሸፈን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የስኳር ሕመምተኛን ተጠግቶ አለመሳም የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ጎንደሬ ሰላምታ ያለ መሳም አይሆንለትም፤ ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ከሩቅ እጅ መንሣት ነውር አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ስኳር በሽታ። ብዙ ሰው ይህ በሽታ የሀብታምና የወፍራም ሰው ብቻ ይመስለዋል። በአገራችን የታየው ግን ከዚህ ይለያል። በጎንደር ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የስኳር ሕመምተኞችን ሲያክሙ የኖሩት ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠሩ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ቀጫጮችና ድሆች መሆናቸውን ገልጸዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ራሱን የቻለ ዓይነት ነው ብሎ ተቀብሎታል። ይህን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወገራ ወይም ከደንቢያ መጥቶ በየቤታችን የተጠጋው ቀጭን ወጣት ዘመዳችን ውሃ ጥም ሲያበዛና ሲከሳ «ስኳር እርሱን አይነካውም» ብለን እንዳንተወው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየሠፈራችን ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት ጉንፋን ይይዛቸዋል፤ አፋቸው ይመራል፤ እህል ያስጠላቸዋል። ጎረቤት ትመጣለች። «እትየ፣ እህል ሳይቀምሱማ መርፌውን አይውጉ፣ ይጥልዎታል» ትላለች። እርሳቸውም እውነት ይመስላቸውና ያቆማሉ። ሁሉም የተናገሩት በመልካም ልብ ነው። ሆኖም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ይጀምራቸዋል፣ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ አእምሯቸው ይደክማል። ያን ጊዜ «ጉንፋኑ ጠናባቸው» ይባላል። የጠናው ግን ጉንፋኑ አይደለም፤ ስኳሩ ነው።

እንዴት ነው ሳይበሉ ስኳር የሚወጣው ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት በሽታን ሲዋጋ ኃይል ይፈልጋል። ለዚህም አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉትን ሆርሞኖች ያበዛል። ጉበታችን እንደ ጎተራ ስኳር አከማችቶ የሚይዝ ነው፤ እነዚህ ሆርሞኖች ጎተራውን ይከፍቱታል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን እንደ ወትሮው እንዳይሠራ ያደክሙታል። ስለዚህ ሕመምተኛው አንድ ጉርሻ እንጀራ ባይቀምስም ስኳሩ ከውስጥ ይወጣል። ኢንሱሊን ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ፣ ሰውነት በደሙ ውስጥ የሞላውን ስኳር መጠቀም ስለሚያቅተው ስቡን ያነዳል። ከዚያም ኪቶን የሚባል አሲድ እየወጣ ደሙን ይመርዘዋል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሰው የሚገድለው ይህ ነው።

ኢንሱሊን ለሰው የተሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ሰውነቱ ኢንሱሊን የማይሠራለት ልጅ ቢቆይ ጥቂት ዓመት ነበር የሚቆየው። እንግዲህ ዛሬ ኢንሱሊኑን በጉንፋን ምክንያት የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ወደዚያ ዘመን መለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ በቤታችን ውስጥ የሚከተሉትን ልብ እንበል።

አንደኛ፦ ኢንሱሊን ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም። መጠኑ ግን ስኳሩ ተለክቶ በባለሙያ ምክር ሊጨመርም ሊቀነስም ይችላል። ኪኒን የሚወስዱም በራሳቸው ሥልጣን አይተዉ። ልዩ የሚሆነው ይህ ነው፤ ሜትፎርሚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ማስመለስና ተቅማጥ አይሎበት ውሃ ከሰውነቱ ካለቀ፣ ሐኪሙ ለጊዜው እንዲያቆም ሊያዝዘው ይችላል። ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግብ ካቆመ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፦ ስኳር ይለካ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲታመም በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን መለካት አለበት። ኪኒን የሚወስድም ቢያንስ ጧትና ማታ ይለካ። በቤቱ መለኪያ የሌለው ሰው ጉንፋኑ እስኪጠና ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መለኪያ ያለው ጎረቤት ቢያውስ ታላቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን የጣት መውጊያዋ መርፌ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ትሁን። በአንዲት መርፌ ሁለት ሰው መውጋት የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

ሦስተኛ፦ ውሃ ይጠጣ። ስኳር ሲበዛ ሽንት ይበዛል፤ ሽንት ሲበዛ ሰውነት ይደርቃል። ስለዚህ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል መጠጣት ያስፈልጋል። ስኳሩ ከፍ ያለ ከሆነ ንጹሕ ውሃ፣ ስኳር የሌለበት ሻይ፣ የሾርባ ውሃ ይሁን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አራተኛ፦ እህል ከተዘጋ በፈሳሽ ይተካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስኳር ለስኳር ሕመምተኛ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ሰውየው መብላት ካልቻለና የተለካው ስኳሩ ያልበዛ ከሆነ፣ ኢንሱሊኑን ሳያቋርጥ እንዲቆይ ቀጭን አጥሚት ወይም ጥቂት ስኳር ያለበት ሻይ በየሰዓቱ ፉት ሊል ይገባል። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ቢራብና ነገር ቢምታታበት ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ያንቀዋል። ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለ ባህል መድኃኒታችንም ዝም ብለን አናልፍም። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙን የሚከለክል የለም። የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ማሩ ግን ስኳር ነው። ተልባ በማር፣ ሎሚ በማር፣ አጥሚት በማር እየተባለ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሲጠጣ በጉንፋኑ ከፍ ያለውን ስኳር ይባስ ከፍ ያደርገዋል። «ጉንፋኑን ይቆርጥልሃል» ተብሎ የሚቀዳው አረቄም አለ። አረቄ ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ያግዳል፤ እህል ሳይቀምስ ኢንሱሊን የተወጋ ወይም ኪኒን የዋጠ ሰው አረቄ ጠጥቶ ቢተኛ ስኳሩ ሌሊት ወርዶ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ሰካራም መስሎ የተኛ ሰው ሁሉ ሰካራም አይደለም።

ሌላው እሳት መሞቅ ነው። በደጋው ጉንፋን የያዘው ሰው እግሩን ወደ ምድጃው ወይም ወደ ከሰሉ ያስጠጋል፤ አለዚያም በፈላ ውሃ ይነክራል። የቆየ የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ሰውየው መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። ያ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም፤ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ እግር በካልሲና በጋቢ ይሙቅ፤ ውሃውንም ጤነኛ ሰው በክንዱ ይሞክርለት።

ወደ መድኃኒት ቤት ስንሄድ የመጀመሪያው ቃላችን «ስኳር አለብኝ» የሚል ይሁን። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ መውሰድ ይቻላል። አሞክሳሲሊንና የመሳሰሉት ግን ቫይረስ አይገድሉም፤ ለተራ ጉንፋን ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ብዙ ስኳር አለበት። አፍንጫን ይከፍታሉ የሚባሉ አንዳንድ ኪኒኖችም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ለሳልና ለአስም የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ናቸው። እነዚህ ስኳርን በብዙ ስለሚጨምሩ፣ ስኳር መኖሩን ያወቀ ሐኪም ካላዘዛቸው በቀር አይወሰዱ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንቆጥራቸው ምልክቶች ከታዩ ቤት ተቀምጦ ማስታመም አይገባም። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ካልወረደ፤ የጠጣውን ለአራት ሰዓት ያህል መያዝ አቅቶት ካስመለሰ፤ ሆዱን ካመመው፤ ትንፋሹ ከረዘመና ከፈጠነ፤ ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ፤ ከፈዘዘና ነገር ከተምታታበት፤ ደረቱን ከወጋው፤ ትኩሳቱ በሁለት ቀን ካልበረደ፣ እስኪነጋ ሳይባል በዚያው ሌሊት መወሰድ አለበት።

ሁሉም «ጉንፋን» የተባለ ነገር ጉንፋን እንዳልሆነም እናስተውል። ከደንቢያ፣ ከመተማ ወይም ከቋራ የመጣ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ቢያተኩሰው ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ መመርመር ግድ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ አደጋው ከሌላው ሰው ከእጥፍ በላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ወደ አገራችን የገባው ኮቪድም ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የበረታ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። ቆይቶ የሚሳል ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለ ጾምና ስለ ጸበልም አንድ ነገር እንበል። በዕድራችን ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ሁለቱም ሃይማኖቶች የታመመን ሰው በጾም አያስገድዱም፤ ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን፣ እስላሙም ሼሁን ይጠይቅ። ጸበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። ለኢንሱሊንም ነገሩ ያው ነው።

ክቡራን አባላት፤

የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ይህም የሆነው በደንቢያ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር። ከዚያ የተገኘው ትምህርት በሽተኛው ሆስፒታል እስኪመጣ ሳይጠበቅ ወደ መንደሩ መሄድ እንደሚገባ ነው። በኋላም የስኳር ሕመም ክትትል ከሆስፒታሉ ወጥቶ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እጅ እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው። ከጤና ጣቢያው ቀጥሎ ለሕመምተኛው የሚቀርበው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤት ማለት ደግሞ ዕድር ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ለጉባዔው እናቀርባለን።

1ኛ/ በፈቃዳቸው ስማቸውን የሚሰጡ የስኳር ሕመምተኛ አባሎች በየቀጠናው ተጠሪ ዘንድ ብቻ ይመዝገቡ። ምስጢርነቱ ይጠበቅ።

2ኛ/ ከተመዘገቡት አንዱ ጉንፋን ሲይዘው፣ በተለይ ብቻውን የሚኖር ከሆነ፣ ተጠሪው ጧትና ማታ ይጠይቀው። የሚጠይቀውም «መድኃኒትዎን ወሰዱ? ስኳርዎን ተለኩ? ውሃ ጠጡ?» ብሎ ይሁን።

3ኛ/ በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ለስላሳና ማር መያዝ ይቅር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው። ባዶ እጄን አልሄድም የሚል ሾርባ ወይም እንቁላል ይያዝ። አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ ግን ስኳር ለሚወርድበት ጊዜ በቤት ትቀመጥ።

4ኛ/ በሌሊት ለጠናበት አባል የባጃጅ ወይም የመኪና ኪራይ ከዕድሩ ሣጥን ወዲያው እንዲወጣ ይፈቀድ። ዛሬ ደንባችን ለቀብር ገንዘብ ያወጣል፤ ከቀብር ለማዳን ግን አያወጣም። የሌሊት ኪራይ ከአንድ ለቅሶ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት መሆኑን ሒሳብ ሹማችን ያውቃሉ።

በመጨረሻም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ሁሉ መድኃኒታችሁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቀድማችሁ አስሞሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ በደረሰ ጊዜ እንዳየነው መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ ኢንሱሊን ግን ቀን አይሰጥም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከፀሐይም ከምድጃም አርቁት። በደጋው ሌሊትም ውርጭ ከሚያገኘው ቦታ አታኑሩት፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራምና ይጣል። የጤና መድን ደብተራችሁም ቀኑ ሳያልፍበት ይታደስ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የዕድራችን ጥሩንባ የሚነፋበት ቀን ለማንም አይቀርም፤ በተተወ መርፌ ምክንያት ቀድሞ እንዳይነፋ ግን እኛ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ያቀረብናቸውን አራት ነጥቦች ጉባዔው ተወያይቶ ውሳኔ እንዲሰጥባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

የታመሙትን እግዜር ይማርልን።